«ሴቭ አድርጌው ነበር እኮ!»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ጥገና ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ፎርማት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥረዛ፣ የመጣውን እንሠራለን። በዚህ ሥራ ደጋግሜ የሰማኋት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ርእሴ ያደረግኳት ናት። የሚሏትም ሁሌ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ልቅሶ ሊመጣ ሲል ጉሮሮ ላይ በሚያዘው።

በቅርቡ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፗን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፋ መጣች። «ጋሼ በናትህ፣ ከነገ ወዲያ ነው የማስገባው» አለች ገና ከበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳምንት በፊት ላፕቶፑ ራሱን በራሱ አፕዴት አድርጎ ተነሣ። ሲነሣ «ፋይሎችሽን ከጉዳት ልጠብቅልሽ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ በእንግሊዝኛ አመጣ። ማን እንቢ ይላል? እሺ አለችው። ከቀናት በኋላ ደግሞ «የክላውድ ቦታሽ ሞልቷል» የሚል መልእክት መጣባት። በስልኳ ገብታ ስታየው የላፕቶፗ ዕቃ ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። «ይኼማ ትርፍ ቅጂ ነው፣ ዋናው ላፕቶፔ ላይ አለ» ብላ አጠፋችው። ማታ ላፕቶፗን ስትከፍት ዴስክቶፑ እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶውን ጠበቃት።

«ማን አጠፋብኝ?» ስትለኝ መልሱ ከበደኝ። ያጠፋው የሷ ጣት ነው፤ ጥፋቱ ግን የሷ አይደለም። ይኼ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ።

ከአፕዴቱ እንጀምር። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሰው የጻፈው ነገር ነው፣ ያውም በሚሊዮኖች የሚቆጠር መስመር። ሰው የጻፈው ደግሞ ስሕተት አያጣም። አንዳንዱ ስሕተት ፕሪንተር እንቢ ከማሰኘት አያልፍም። አንዳንዱ ግን ለሌባ የተከፈተ የጓሮ በር ነው። አፕዴት ማለት ያንን በር ለመዝጋት የሚላክ ጥገና ነው፣ አልፎ አልፎ አዲስ ነገርም ይጨመርበታል፣ ማንም ያልጠየቀው ቁልፍና ማስታወቂያም አብሮ ይመጣል፤ ሰውን የሚያናድደው ይኼኛው ነው።

ግን አያስፈልግም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቶ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በሽተኛ መልሰዋል። ቫይረሱ የገባው አብዛኛው ኮምፒውተር በሚሠራበት ዋና ፕሮግራም፣ በዊንዶውስ ቀዳዳ ነው። የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። የተጎዳው በአብዛኛው አፕዴቱን ያላስገባው ነው። ስለዚህ «አፕዴቱን ለዘላለም ዝጋልኝ» የሚለኝን ደንበኛ እሺ አልለውም። ድሮ እለው ነበር፣ ልናዘዝ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ዊንዶውስ ጭነን፣ አፕዴቱን ቆልፈን፣ «አሁን አያስቸግርህም» ብለን የሸኘነው ሰው ስንት ነው? አያስቸግረውም እርግጥ፣ ቫይረስ እስኪገባ ድረስ። አሁን ደግሞ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ብዙው ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል ዕድሜው አይፈቅድለትም። ይኼ ሌላ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ልለፈው።

ታዲያ ጥገና ተብሎ የተላከው ነገር ለምን ይሰብራል? ጎጃም ላለው ወንድ ሁሉ በአንድ ልክ ቁምጣ ሰፍተህ ላክ ብትባሉ አስቡት። ለአብዛኛው ይሆናል፣ አንዱን ያንቀዋል፣ ከአንዱ ላይ ይወልቃል። ዊንዶውስ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ኮምፒውተር ላይ አለ። የአንዱ ፕሪንተር ሌላ፣ የሌላው ሃርድ ዲስክ ሌላ፣ አንዱ ፋይሉን ሲ በሚባለው የዲስክ ክፍል ላይ ያስቀምጣል፣ አንዱ ዲ ወደሚባለው አዙሯል። ሁሉንም ዓይነት አስቀድሞ መሞከር አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የወጣው ትልቁ የዊንዶውስ 10 አፕዴት የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሲ ሲሞላባቸው ዶክመንት የሚባለውን ፎልደር ወደ ዲ ያዛወሩ ሰዎች ነበሩ። ሲያዛውሩ አሮጌው ፎልደር ሲ ላይ ቀረ፣ አንዳንዶቹ ውስጡ ፋይል እንዳለ። አፕዴቱ መጣና «ይኼ ትራፊ ፎልደር ነው» ብሎ ከነሆዱ ጣለው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቆመ፣ አስተካክሎ የመለሰው በኅዳር ነው። ከመውጣቱ በፊት ፋይል ጠፋብን ብለው የጻፉ ሞካሪዎች ነበሩ፣ ከሌላው አቤቱታ ብዛት ውስጥ ተዋጡ። ኩባንያው በኋላ እንደተናገረው ፋይል ጠፋብን ያሉት አፕዴቱን ካስገቡት ውስጥ ከ10 ሺህ 1 ገደማ ናቸው። ለኩባንያው ከ10 ሺህ አንድ ነው። ለዚያ ለአንዱ ሰው ግን ከመቶ መቶ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚካኤል ዕለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለ የደህንነት ኩባንያ አንዲት ትንሽ ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ፕሮግራሙ 20 ነገር ይዞ ይጠብቃል፣ አዲሱ መመሪያ 21ኛውን አምጣ አለው። የሌለ ነገር ሲፈልግ ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ወደቀ። ኩባንያው በ78 ደቂቃ ውስጥ ፋይሉን መለሰው፣ ግን 8 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ኮምፒውተር ወድቆ ነበር። አውሮፕላን ቆመ፣ ባንክ ቆመ። የወደቀው ኮምፒውተር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ማስተካከያውን መቀበል ስለማይችል ብዙውን ሰው በእግሩ እየዞረ አንድ በአንድ ማንሣት ነበረበት። የኔ ዓይነት ጠጋኝ ማለት ነው፣ ብቻ እነሱ በዶላር ነው የሚከፈላቸው።

ከዚህ ምን ይገኛል? ጥሩ ኩባንያ አፕዴቱን መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ልኮ፣ ካልጎዳ ለሌላው ያሰፋል። ያን ቀን ይኼ አልተደረገም። እናንተም ቀማሽ ለመሆን አትቸኩሉ። ዊንዶውስ ወርኃዊ ጥገናውን የሚለቀው በፈረንጅ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፣ በእኛ ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አፕዴቱን ለአንድ ሳምንት ማቆየት ትችላላችሁ፣ እስከ አምስት ሳምንት ይፈቅዳል። እኔ አንድ ሳምንት እላለሁ። ችግር ካለበት በዚያ ሳምንት ውስጥ ዓለም ይጮኻል። ከዚያ በላይ ማቆየት ግን የጓሮውን በር ክፍት አድርጎ መተኛት ነው። ኢንተርኔታችሁ በጥቅል ከሆነ ደግሞ ዋይፋዩን «የተገደበ» በሚለው ምርጫ አስይዙት፣ አብዛኛውን አፕዴት ሳትፈቅዱለት አያወርድም፣ ዳታችሁንም አይበላም።

የመብራት ነገርም አለ። ዓባይ በደጃችን እያለፈ መብራት ሲሄድብን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ለምደናል። አፕዴት መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር እኔ ቤት የሚመጡት በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ጊዜ ስጡት እንጂ። 30 ፐርሰንት ላይ አንድ ሰዓት ቆመ ብላችሁ ቁልፉን ጨቁናችሁ አታጥፉት። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው፣ እንደ ሽማግሌ ነው የሚራመድ።

አሁን ወደ ክላውዱ። ስሙ ያሳስታል። ክላውድ ደመና ማለት ነው፣ ሰው ሲሰማ በክረምት ጮቄ ላይ እንደሚንጠለጠለው ያለ ነገር አየር ላይ ያለ ይመስለዋል። አየር ላይ ምንም የለም። ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። የሆነ አገር፣ የሆነ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሺህ ሃርድ ዲስክ ተደርድሮ በማቀዝቀዣ እየተነፋ ይሠራል። ፋይላችሁን እዚያ ስታስቀምጡ እህላችሁን በሰው ጎተራ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ጎተራው ከናንተ ይሻላል፣ ጠባቂ አለው። ግን የናንተ አይደለም።

ጎተራም ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ ድራይቭ የሚባለው ክላውድ አብሮ ወደመ፣ 858 ቴራባይት። በ64 ጊጋ ፍላሽ ብንለካው ከ13 ሺህ ፍላሽ በላይ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፤ ትልቅ ስለሆነ ነው ተባለ። ሠራተኞቹ ደግሞ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡ፣ እዚያ አስቀምጡ የተባሉ ናቸው። ኮሪያ ናት እንግዲህ፣ ሳምሰንግን የምትሠራዋ።

ግን እውነቱን እንነጋገር፣ የኔን ደንበኞች ፋይል የሚያጠፋው እሳት አይደለም። ሲንክ የሚባለው ነገር ነው። የተማሪዋም ምሥጢር እዚህ ጋ ነው ያለ።

ሲንክ መስታወት ነው። መስታወት ፊት ቆመሽ ነጠላሽን ብታወልቂ መስታወቱ ውስጥ ያለችውም ታወልቃለች። ሁለት ነጠላ የለም። የክላውዱ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ያለውን ፎልደርና እዚያ ያለውን ሁሌም አንድ ዓይነት አድርጎ ማቆየት ነው ሥራው። ላፕቶፑ ላይ ብትጽፊ እዚያም ይጻፋል። እዚያ ብትሰርዢ ላፕቶፑ ላይም ይሰረዛል። ቫይረስ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ቢያበላሽ የተበላሸውን ወስዶ እዚያ ያስቀምጥልሻል፣ በታማኝነት። ባካፕ የምንለው ግን ሌላ ነው። ባካፕ ዋናው ሲነካ የማይነካ ቅጂ ነው። ገበሬው ለዘር የሚሆነውን ከሚበላው ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጎታው በነቀዝ ቢያልቅ ዘሩ እንዲተርፍ። ኩባንያዎቹ ሲንኩን «ባካፕ» ብለው ሲጠሩት ነው እኔ የምናደደው። ተማሪዋ «ልጠብቅልሽ?» ስትባል ዘር ይቀመጥልኛል ብላ ነው እሺ ያለችው። የተሰጣት መስታወት ነው።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ አገልግሎቶች ቦታ ለመቆጠብ ብለው ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ በስሙ ብቻ ያስቀምጡታል። ስሙን ታያላችሁ፣ ምልክቱን ታያላችሁ፣ ውስጡ ግን እዚያ አዳራሽ ነው ያለው፤ ስትጫኑት በኢንተርኔት ይመጣል። ፋይሉ አጠገብ የደመና ስዕል ካለ እናንተ ጋ የለም ማለት ነው። አረንጓዴ ምልክት ካለበት አለ። ይኼ ኢንተርኔት የማይቋረጥበት አገር ላለ ሰው ምንም አይደለም። ለኛ ግን ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ፖለቲካውን ልተወውና፣ በዚያ ጊዜ ሰው የገዛ ላፕቶፑ ላይ ስሙን እያየ መክፈት ያቃተው ፋይል ብዛት አይጠየቅም። አስፈላጊ ፎልደራችሁን በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ሁልጊዜ በዚህ መሣሪያ ላይ ይቆይ» የሚለውን ምረጡ። አንድ ደቂቃ አይወስድም።

ኢንተርኔት ቆይቶ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ቡሬ ያለ ሒሳብ ሠራተኛ ያለ ኢንተርኔት ሁለት ሳምንት ሠርቷል እንበል። ጓደኛው ባሕር ዳር ሆኖ ያንኑ ፋይል አስተካክሏል። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ክላውዱ የማንን ይያዝ? ጨዋ ከሆነ ሁለቱንም ያስቀምጣል፣ አንዱን ስሙ ላይ ነገር ጨምሮበት። ሰዎቹ ግን ስሙን አያነቡም። አሮጌውን ከፍተው ይቀጥሉበታል፣ ከወር በኋላ ሒሳቡ አልገጥም ይላል፣ ከዚያ ወደኔ።

የይለፍ ቃሉም አለ። እዚህ ላይ እኛ ጽሕፈት ቤቶች ኃጢአት አለብን። ሰው «ኢሜይል ክፈትልኝ» ብሎ ሲመጣ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ የራሳችንን እንሞላለን፣ ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት እንሰጣለን፣ ወረቀቷ ትጠፋለች። ከዓመት በኋላ ፓስወርዱ ሲረሳ የመግቢያ ኮድ የሚላከው ለማን ነው? ለኔ፣ እሱም ሲሜን ካልቀየርኩ። ጎግል ደግሞ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል፣ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ሲተገብረው ቆይቷል። በገዛ ቁጥራችሁ ክፈቱ፣ ሌላ የመመለሻ ኢሜይል ጨምሩበት፣ አልፎ አልፎም ግቡበት።

ነጻው ቦታም ልኩ ይታወቅ። ጎግል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ጂሜይሉም ፎቶውም ክላውዱ ጎግል ድራይቭም የሚካፈሉት። የማይክሮሶፍቱ ክላውድ ዋንድራይቭ 5 ጊጋ ነው። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ይጨርሰዋል። ሲሞላ አዲስ ፋይል መላኩን ያቆማል፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ መልእክቱን ሳያነብ ለወራት «ክላውድ ላይ አለኝ» እያለ ይኖራል።

ምን ይደረግ? ደረቅ ምክሬ ይቺ ናት፦ ቢጠፋ የምታለቅሱበት ፋይል ሦስት ቦታ ይኑር። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ከኮምፒውተሩ በሚነቀል ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ክላውዱ ሦስተኛው ይሁን፣ እንደሱ ያለ ጥሩ ሦስተኛ የለም። ብቻውን ግን አይሁን። የሚነቀለው ደግሞ ይነቀል! ዓመት ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ነው የሚሄደው። ፍላሽም ከሰው ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ፋይል የሚጠቁም ባዶ ምልክት) ሆኑ የሚል ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም። እሱ እንኳ ቀላል ነው፣ ፋይሉ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለም፣ ፎርማት እንዳታደርጉት ብቻ። መጥኖ መደቆሱ ቀድሞ ነው ይላል ሰው፣ እኔ ግን ድስት ጥደው የሚያለቅሱትን ነው የማገኛቸው።

የጠፋ እንደሆነስ? መጀመሪያ ምንም አትንኩ። ከቻላችሁ ኢንተርኔቱን ዝጉ። አዲስ ፊልም አታውርዱበት፣ የጠፋው ፋይል ቦታ ላይ ሊጻፍበት ይችላል። ከዚያ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የክላውዱን ድረ ገጽ ክፈቱና ቆሻሻ መጣያውን እዩ። ጎግል ድራይቭም የግል ዋንድራይቭም የተሰረዘውን 30 ቀን ያህል ያቆያሉ። ከአፕዴት በኋላ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ከታያችሁ ደግሞ ወዲያው አትደንግጡ፤ የክላውዱ ፎልደር ውስጥ ዴስክቶፕ የሚባል ሌላ ፎልደር ይኖራል፣ ዕቃችሁ ወደዚያ ዞሮ ሊሆን ይችላል።

የተማሪዋን ጽሑፍ ያገኘሁት መጣያው ውስጥ ነው። ሲወርድ ጥቅሌ አለቀ፣ ሞላሁ፣ እንደገና ቀጠልኩ። ምዕራፍ ሦስት ሲከፈት አጠገቤ የቆመችው ልጅ «እልል» ልትል ምንም አልቀራትም። ሦስት ቅጂ አስጠርዛ ሄደች። ፍላሽ ግን አልገዛችም፣ ብሩ አልበቃትም፤ ከኔ አሮጌ አንዱን ሰጠኋት።

እኔ ካየኋቸው ሁሉ አሳምረው ይዘውታል የምላቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከየደብሩ ከየኔታዎች አፍ የሰበሰቡትን ቅኔ ራሳቸው ይተይባሉ፣ በሁለት ጣት። ሦስት ፍላሽ አላቸው። አንዱ ኪሳቸው ነው፣ አንዱ የባለቤታቸው ሙዳይ ውስጥ፣ አንዱ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ። ክላውዱንም አልናቁትም፣ ልጃቸው ከፍቶላቸዋል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይመጡና ሁለቱን ፍላሽ እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሰካሉ፣ የመጨረሻውን ገጽ ይከፍታሉ፣ የመጨረሻዋን ቅኔ ድምፅ አውጥተው ያነቧታል። ካልተነበበች የለችም ማለት ነው ለሳቸው። ባለፈው ወር አንደኛው ፍላሽ ቢሰኩት ቢነቅሉት እንቢ አለ። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፣ ነቀሉት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ሌላው ስንት ነው?»